የአፄዎቹ ዘመን፦ ፋሲል ከነማ በ2013

አፄዎቹ የሚባለው የጎንደሩ ፋሲል ከነማ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነሳው በ2013 ዓ.ም ነው። የዚያ ዓመት ውድድር አካሄዱ ያልተለመደ ነበር፤ 13 ክለቦች በሜዳቸውና ከሜዳቸው ውጪ እየተመላለሱ መጫወታቸው ቀርቶ፣ ሁሉም በአንድ ከተማ እየተሰባሰቡ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ተዘዋወሩ። ጨዋታዎቹ በዲኤስቲቪ በቀጥታ መተላለፍ በመጀመራቸው፣ በወለጋዋ ሲሬ ያለ ተመልካችም ሊጉን መከታተል ቻለ።

በአሰልጣኝ ሥዩም ከበደ የሚመራው ፋሲል፣ ዋንጫውን ያረጋገጠው ውድድሩ ገና ሳያልቅ ነው። የዓመቱ መነጋገሪያ ግን የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር ነበር፤ 29 ጎል አስቆጥሮ የጌታነህ ከበደን የ25 ጎል ክብረ ወሰን ሰበረ። ይህም በኋላ ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ በር ከፈተለት።

ስኬት ተጫዋች ያስወስዳል። የፋሲሉ አጥቂ ሙጂብ ቃሲም ወደ አልጄሪያው ጄኤስ ካቢሊ አመራ። ፋሲል ራሱ በ2014 መጀመሪያ በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ከሱዳኑ አል ሂላል ጋር 2 ለ 2 እና 1 ለ 1 ተለያይቶ፣ ሳይሸነፍ ከሜዳ ውጪ በሚቆጠር ጎል ተበልጦ ተሰናበተ።