ቃሊቲ ላይ ሱቅ የከፈተው እንግዳ፦ የሚወራውና እውነታው

አቃቂ ቃሊቲ የመንገድ ክፍለ ከተማ ነው። ከጂቡቲ ጭኖ የመጣ ከባድ መኪና ጎማው የሚለጠፈው፣ ረዳቱ ፍርፍር የሚበላው እዚህ ነው። መንገድ ባለበት እንግዳ አይጠፋም፤ እንግዳውም ውሎ አድሮ ሱቅ ይከፍታል። ያኔ ወሬው ይጀመራል። አንዱ «ስደተኛ መነገድ ክልክል ነው» ሲል፣ አጠገቡ ያለው «የውጭ ሰው እኮ እንዳሻው ይነግዳል፤ የተቸገርነው እኛው ነን» ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል።

የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኛ ተቀጥሮም ሆነ በግሉ መሥራት እንደሚችል ደንግጓል። እርሻው፣ ዕደ ጥበቡ፣ ጥቃቅንና አነስተኛ ሥራው፣ ንግዱ ሁሉ ተጠቅሷል። ልጓሙ ግን እዚያው አለ፦ መብቱ የሚለካው ለውጭ ዜጎች በተፈቀደው ልክ እንጂ በኢትዮጵያዊው ልክ አይደለም። የኢንቨስትመንት አዋጅ 1180/2012 ደግሞ የውጭ ባለሀብት ለአንድ ፕሮጀክት በጥቅሉ ቢያንስ 200,000 ዶላር፣ ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር ከተጣመረ 150,000 ዶላር እንዲያመጣ ይጠይቃል። ችርቻሮ ለውጭ ባለሀብት የተከፈተው በ2016 ነው፤ እሱም በቅድመ ሁኔታ። ስኳርና ሳሙና ለሚቸረችር ሰው ይህ በር በወረቀት ላይ ቢከፈትም በተግባር ዝግ ነው።

ስለዚህ ብዙው ስደተኛ ፈቃዱን በኢትዮጵያዊ ሸሪክ ስም አድርጎ ይሠራል፣ ወይም ያለ ፈቃድ። ይህን ብልጠት አድርገው የሚያዩት አሉ። እኔ አይመስለኝም፤ ሸሪኮቹ የተጣሉ ቀን ሱቁ የማን እንደሆነ ወረቀቱ ይናገራል፣ ወረቀቱ ላይ ደግሞ የደከመው ሰው ስም የለም። (ቢጫ ካርድ የያዘ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት የመሥራት መብት አለው።)

«ባዕድ እንጀራችንን ቀማን» የሚለውን እዚሁ ሰፈር መስማት ግን ይገርማል። የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ራሱ በንጉሡ ዘመን ከህንዶች ጋር በሽርክና የተቋቋመ ነው።

ሌላው የተለመደ አባባል «በዚህ ኑሮ ውድነት ገዢ ከየት ይመጣል?» የሚለው ነው። ገዢማ አለ፤ ሰው ሳይበላ አያድርም። ትንሹን ነጋዴ የሚጥለው የሸጠውን ዕቃ መተኪያ ዋጋ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እንዲህ ባለ ጊዜ በ10,000 ብር ሱቁን የሞላ ሰው ዕቃውን በ11,000 ሸጦ ቢጨርስና ጅምላ ሻጩ ዘንድ ሲመለስ ያው ዕቃ 11,500 ሆኖ ቢጠብቀው፣ ደብተሩ አንድ ሺህ አተረፍክ ይለዋል፣ መደርደሪያው ግን ይሳሳል። ዱቤ ሲጨመርበት ይብሳል፤ ወር ጠብቆ የሚከፍል ደንበኛ የሚከፍለው በአሮጌው ዋጋ ነው። ቁርስ ቤትና ጎሚስታ በክፉ ጊዜ የተሻለ የሚቆሙት ለዚህ ነው። ቁርስ ቤት ጠዋት የገዛውን በዕለቱ ይሸጣል፤ ጎሚስታ በዋናነት የሚሸጠው ጉልበቱን ነው።

«ባንክ ካላበደረ ንግድ የለም» የሚሉም አሉ። ብሔራዊ ባንክ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የባንኮችን ዓመታዊ የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ገድቦ ነበር፤ መያዣ ለሌለው የሰፈር ነጋዴማ ድሮም በሩ ጠባብ ነው። የእሱ ባንክ ዕቁብ ነው። ዕቁብ ላይ ግን አንድ የተሳሳተ እምነት አለ፦ ወለድ ስለሌለው ለሁሉም እኩል ነው ይባላል። ቀድሞ ዕጣ የደረሰው ብድር አገኘ ማለት ነው፤ መጨረሻ የደረሰው ቁጠባ። ዋጋ በየወሩ ሲንር ቀድሞ የወሰደው ዕቃ ይገዛበታል፣ መጨረሻ የወሰደው ብሩ ሟሽሾ ይደርሰዋል። ዋስ ለማግኘት የሚቸገረው እንግዳ ቀድሞ መውሰድ አይሆንለትም፤ ዕጣው ቢወጣለት እንኳ ዋስ ሳይጠራ ብሩ አይሰጠውም። ዋስ ካገኘና ከቸኮለ ደግሞ ዕጣ ከወጣለት ሰው ላይ ጨምሮ ይገዛል። ወለድ የለውም የተባለው ዕቁብ ወለዱ ያኔ ይከፈላል።