የተሰበረ የአጋዘን ቀንድ እንዴት ይጠገናል?

ነጭ ጅራት የሚባለው የአሜሪካ አጋዘን ቀንድ አጥንት ነው፤ በየዓመቱ ይረግፋል፣ መልሶም ይበቅላል። (የእኛ ደጋ አጋዘን ቀንድ ግን እንደ ጥፍር ባለ ቅርፊት ስለተሸፈነ ሌላ ዘዴ ይፈልጋል።)

የተሰበረው ቅርንጫፍ በእጃችሁ ካለ ሥራው ቀላል ነው፦ ሁለቱንም ወገን በመሰርሰሪያ በስታችሁ ቀጭን የብረት ዘንግ አስገቡና በኢፖክሲ አጣብቁት። ከጠፋ ግን በዘንጉ ዙሪያ የኢፖክሲ ሊጥ እየጠቀጠቃችሁ ቅርጹን አውጡ። ሳይደርቅ የቀንዱን ሸንተረሮች በመርፌ ጫሩበት፤ ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ነው፣ ልሙጥ ጥገና ከሩቅ ያስታውቃል። ቀለሙን በስሱ ደራርቡ፣ ጫፉን ነጣ አድርጉት። አጥንት ስትሞርዱ ጭምብል አይለያችሁ።

የተጨመረው ርዝመት የታደኑ እንስሳትን ቀንድ እየለካ በሚመዘግበው የአሜሪካው ቡን ኤንድ ክሮኬት ክለብ ልኬት አይቆጠርም፤ ይህን ለደንበኛ አስቀድሜ ነው የምነግረው።