ሂትለርን ያላሳፈረው ሰርጓጅ መርከብ

የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ አዛዥ የነበረው ሃይንዝ ሼፈር በአዛዥነት ዘመኑ አንድም የጠላት መርከብ አላሰመጠም። ስሙ እስከ ዛሬ የሚነሳው ባልሠራው ሥራ ነው፤ አዶልፍ ሂትለርን በባሕር ሥር ደብቆ ደቡብ አሜሪካ አድርሷል ይባላል። ወሬው እ.ኤ.አ. ከ1945 ጀምሮ በየጥቂት ዓመቱ አዲስ ምስጢር እየመሰለ ይመለሳል። አውሪዎቹ ስለ ሰነድና ስለ ምስክር ብዙ ሲሉ፣ መርከቡ በምን ኃይል እንደሚሄድና ስንት ኪሎ ሜትር መጓዝ እንደሚችል አይጠይቁም።

ሼፈር በ1921 በርሊን ተወለደ፤ በ1939 የባሕር ኃይሉን ተቀላቀለ። ዩ-561 እና ዩ-445 በተባሉ ሰርጓጅ መርከቦች በመኮንንነት ካገለገለ በኋላ ዩ-148 የተባለች ትንሽ የማሠልጠኛ መርከብ አዛዥ ሆነ። ዩ-977ን የተረከበው ማርች 1945 ሲሆን ዕድሜው 24 ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር። እንዲህ ያለ ወጣት ለአዛዥነት መብቃቱ በጊዜው እንግዳ ነገር አይደለም። በጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ከዘመቱት 40 ሺህ ገደማ ሰዎች መካከል 30 ሺህ የሚሆኑት በጦርነቱ አልቀዋል፤ ነባሮቹ አዛዦች በአብዛኛው ሞተዋል ወይም ተማርከዋል።

ዩ-977 ሃምቡርግ የተሠራ፣ ሰባት-ሲ የሚባለው ዓይነት መርከብ ነው። ርዝመቱ 67 ሜትር ነው። ሁለት የኃይል ምንጮች አሉት፤ በውኃው ላይ ሲሄድ ዲዝል ሞተር፣ ሲጠልቅ ደግሞ በባትሪ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ሞተር። ዲዝል ያለ አየር አይነድም፤ ባትሪው ደግሞ ቶሎ ያልቃል። ይህ ዓይነት መርከብ በባትሪ ብቻ በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ እየተጓዘ ከ150 ኪሎ ሜትር አይዘልም። ከዚያ በኋላ ወደ ላይ ወጥቶ፣ ዲዝሉን አስነስቶ ባትሪውን መሙላት ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ የዘመኑ ሰርጓጅ መርከብ በመሠረቱ አልፎ አልፎ መጥለቅ የሚችል የውኃ ላይ መርከብ ነበር። የተባበሩት ኃይሎች አውሮፕላኖች ራዳር ሲታጠቁ፣ ባትሪ ለመሙላት ሌሊት ብቅ ማለት ራስን ለሞት አሳልፎ መስጠት ሆነ።

መፍትሔው ሽኖርክል የተባለው መተንፈሻ ቱቦ ነው። ሐሳቡን ቀድመው የሞከሩት ሆላንዶች ናቸው። ጀርመኖች በ1940 ሆላንድን ሲይዙ ቱቦ የተገጠመላቸውን መርከቦች ማረኩ፤ ነገር ግን እስከ 1943 ድረስ ቁም ነገር አላደረጉትም። አሠራሩ ሲሰሙት ቀላል ነው፦ መርከቡ ከውኃው ወለል በታች ጥቂት ሜትሮች ይጠልቃል፣ የቱቦው አፍ ብቻ ከማዕበሉ በላይ ይቀራል፣ ዲዝሉ በቱቦው አየር ይስባል፣ ጭሱም በጎኑ ባለው ሌላ ቱቦ ይወጣል።

ችግሩ ባሕር ጸጥ ብሎ አለመተኛቱ ነው። ማዕበል የቱቦውን አፍ ሲያለብሰው ውኃው ወደ ሞተሩ እንዳይወርድ በተንሳፋፊ ኳስ የሚሠራ መክደኛ ይዘጋዋል። ሞተሩ ግን አይቆምም፤ የሚስበውን አየር ከራሱ ከመርከቡ ክፍሎች መውሰድ ይጀምራል። አንድ ሰው ባዶ ሃይላንድ አፉ ላይ ገጥሞ አየሩን ቢስብ ፕላስቲኩ ይጨማደዳል። የመርከቡ ብረት ስለማይጨማደድ የሚወድቀው የአየሩ ግፊት ነው። ለምሳሌ በመርከቡ ውስጥ 400 ሜትር ኩብ አየር ቢኖርና ሞተሩ በአንድ ደቂቃ 40 ሜትር ኩብ ቢስብ፣ ግፊቱ በአንድ አሥረኛ ገደማ ይቀንሳል። ይህም ከባሕር ጠለል ተነስቶ 900 ሜትር ያህል ከፍታ በአንድ ደቂቃ ከመውጣት ጋር እኩል ነው።

ማዕበሉ አልፎ መክደኛው ሲከፈት ደግሞ የውጭው አየር በአንድ ጊዜ ይገባል። ለጆሮ የከፋው ይህኛው ነው። የመካከለኛውን ጆሮ ከጉሮሮ ጋር የሚያገናኘው ቀጭን መተላለፊያ አየር ወደ ውጭ ሲያስወጣ በቀላሉ ይከፈታል፤ ወደ ውስጥ ለማስገባት ግን ሰውየው ሆን ብሎ መዋጥ ወይም አፉን መክፈት አለበት። የተኛ መርከበኛ ይህን አያደርግም። በሻካራ ባሕር መክደኛው ደጋግሞ ሲዘጋና ሲከፈት የሚያድረው ሠራተኛ በጆሮ ሕመም ይነቃል፤ የጆሮው ታምቡር ሊቀደድም ይችላል።

የጭሱም ነገር እንዲሁ ነው። ጭሱ የሚወጣው ከውኃው ወለል ጥቂት ዝቅ ብሎ ስለሆነ ሞተሩ ውኃውን ገፍቶ ማስወጣት አለበት። መርከቡ በአንድ ሜትር በጠለቀ ቁጥር የሚገፋው ጫና በአንድ አሥረኛ የከባቢ አየር ግፊት ይጨምራል። መሪውን የያዘው ሰው ጥልቀቱን ካልጠበቀ ጭሱ ወደ ኋላ ይመለሳል። በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታ የለውም፤ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ስለሚይዝ ሰው ሳያውቀው ራሱን ያስታል።

ሽኖርክል መርከቡን ይደብቀዋል እንጂ አያፈጥነውም። ረጅሙ ቱቦ ውኃውን እየቀደደ ሲሄድ ስለሚንቀጠቀጥ ፍጥነቱ በሰዓት ከ11 ኪሎ ሜትር ገደማ እንዳያልፍ ይጠበቅ ነበር። ዲዝሉ ሲጮህ የመርከቡ ማዳመጫ መሣሪያ ምንም አይሰማም፤ ስለዚህ ቱቦው የሚወጣው ሌሊት ለጥቂት ሰዓታት ነው፤ ቀሪው ጊዜ በባትሪ እየተሳቡ ማዝገም ነው።

ዩ-977 ከደቡብ ኖርዌይ የተነሳው ሜይ 2 ቀን 1945 ነው። ከሁለት ቀን በኋላ ሂትለርን የተካው ካርል ዶኒትዝ ሰርጓጅ መርከቦች ውጊያ እንዲያቆሙ አዘዘ፤ ሜይ 8 ጀርመን እጅ ሰጠች። ሼፈር ግን ወደ አርጀንቲና እንሂድ የሚል ሐሳብ አቀረበ፤ መሄድ ያልፈለገ በኖርዌይ ዳርቻ እንዲወርድ ፈቀደ። ሜይ 10 በበርገን አቅራቢያ 16 ሰዎች በጎማ ጀልባ ወረዱ፤ 32 ቀሩ። መርከቡ በሽኖርክል እየተነፈሰ የብሪታንያን ደሴቶች ዞሮ፣ እስከ ኬፕ ቬርዴ ወረደ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ በአብዛኛው በውኃው ላይ ተጓዘ። ኦገስት 17 ማር ዴል ፕላታ ወደብ ገብቶ እጅ ሰጠ። በ107 ቀናት የተጓዘው 14 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አማካዩ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል።

በኦቶ ቬርሙት የሚመራው ዩ-530 ጁላይ 10 በዚያው ወደብ እጅ ሰጥቶ ስለነበር ጋዜጦች ሁለቱን አያይዘው መጻፍ ጀመሩ። መጀመሪያ የተነሳው ክስ ጁላይ 4 የሰመጠችውንና ከ300 በላይ ሰዎች ያለቁባትን ባሂያ የተባለች የብራዚል የጦር መርከብ ያሰመጡት እነሱ ናቸው የሚል ነበር። ባሂያን ያጠፋት ግን የገዛ መርከበኞቿ በተኩስ ልምምድ ላይ ሳሉ በኋላዋ የነበሩትን ፈንጂዎች መምታታቸው ነው። ከዚያ የሂትለር ወሬ ተከተለ። በ1947 ላዲስላስ ሳቦ የተባለ ጸሐፊ ቦነስ አይረስ ባሳተመው መጽሐፍ ሂትለርን አንታርክቲካ ድረስ አደረሰው።

እዚህ ላይ ሂሳቡ ይበቃል። ይህ ዓይነት መርከብ ነዳጁን ሞልቶ፣ በውኃው ላይ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ተኩል ሲሄድ የሚደርስበት ርቀት 15,700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከደቡብ ኖርዌይ ወሬው ወደሚጠቅሰው የአንታርክቲካ ዳርቻ ያለው ርቀት በቀጥታ መስመር፣ ያውም አፍሪካን በየብስ አቋርጦ፣ ከ14 ሺህ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከዚያ ወደ ማር ዴል ፕላታ ለመመለስ ሌላ 4,800 ያስፈልጋል። ጊዜው ደግሞ የደቡቡ ክረምት ነበር፤ ዳርቻውን በረዶ ከብቦታል። መተንፈሻ ቱቦ በበረዶ ሥር አይሠራም። ከባሕሩ ውጭ ያለው ማስረጃም ያው ነው፤ በሜይ 1945 የሂትለርን ጥርሶች የጥርስ ሐኪሙ ረዳቶች ለይተዋል፣ በ2018 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ሞስኮ ያለውን መንጋጋ መርምረው ይህንኑ አረጋግጠዋል።

ሼፈር ራሱ በ1950 ባሳተመው መጽሐፍ ከሜይ 10 እስከ ጁላይ 14 ድረስ 66 ቀናት ሳንወጣ በውኃ ሥር ተጉዘናል ብሏል። ይህ ከሂትለሩ ወሬ ጋር አንድ ላይ የሚጣል አይደለም፤ በጥንቃቄ የሚያዝ ነው። የማይቻል አይደለም፤ በ1944 መጨረሻ ዩ-978 በተመሳሳይ ሁኔታ 68 ቀናት መቆየቱ ተመዝግቧል። ነገር ግን የሼፈር ቁጥር በዋናነት የቆመው በራሱ ትረካ ላይ ስለሆነ አንዳንድ የታሪክ ተመራማሪዎች አይቀበሉትም። በሽኖርክል መጓዝ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ጠልቆ ከመጓዝ ይለያል፤ ቱቦው በየሌሊቱ ከባሕሩ በላይ ነበር። ሌሊት ለአጭር ጊዜ ብቅ ማለት አለማለታቸውን ከውጭ ያየ ምስክርም የለም። ክርክሩ ግን ስለ ቀናቱ ቁጥር እንጂ ማን ተሳፈረ በሚለው ላይ አይደለም።

ሼፈርን መጀመሪያ አርጀንቲናውያን፣ ቀጥሎ አሜሪካውያን መረመሩት፤ ተሳፍረዋል የተባሉት ሰዎችም ሆኑ መርከቡ ጭኗል ተብሎ የተወራው ወርቅ አልተገኙም። ወደ ጀርመን ከተመለሰ በኋላ ተመልሶ አርጀንቲና ገባ፤ መጽሐፉን የጻፈውም ወሬውን ለማስተባበል ነበር። በ1952 ለወጣው የእንግሊዝኛ እትም መግቢያ የጻፈው ኒኮላስ ሞንሳራት፣ በጦርነቱ ጊዜ ሰርጓጅ መርከቦችን ሲያሳድድ የነበረ እንግሊዛዊ ደራሲ ነው፤ ለሼፈር አልራራለትም። ሼፈር በ1979 ሞተ። ዩ-977ን አሜሪካ ወስዳ ከመረመረች በኋላ ኖቬምበር 1946 አቱል የተባለው የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከብ በቶርፒዶ ሙከራ አሰመጠው።