የክንድ ሕመም፦ ከአንገት ነው ወይስ ከሳንባ?

ትከሻና ክንድ ሲያመን አብዛኞቻችን “ብርድ መታኝ” ወይም “አተኛኘቴ ነው” ብለን እናልፈዋለን። ብዙውን ጊዜም ነገሩ ከባድ አይደለም። ይሁን እንጂ ከአንገት የመጣ የሚመስል ሕመም አልፎ አልፎ ከሳንባ ዕጢ ሊነሣ ስለሚችል ልዩነቱን ማወቅ ይጠቅማል።

በመጀመሪያ የአንገቱን እንመልከት። በአንገት አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ሲንሸራተት ወይም በዕድሜ ምክንያት መውጫው ሲጠብ ወደ ክንድ የሚወርደው ነርቭ ይጫናል። ሕመሙ በአብዛኛው ወደ አውራ ጣት፣ ወደ ሌባ ጣት ወይም ወደ መሃል ጣት ይወርዳል፤ አንገትን ወደ ኋላ ወይም ወደታመመው ጎን ሲያዞሩት ይብሳል። አብዛኛው ሰው ያለ ቀዶ ሕክምና በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይሻለዋል።

ሁለተኛው የፓንኮስት ዕጢ ይባላል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1924 እና በ1932 ስለዚህ ሕመም ከጻፉት ከአሜሪካዊው የራጅ ሐኪም ከሄንሪ ፓንኮስት ነው። ይህ የሳንባ ካንሰር በሳንባው የላይኛው ጫፍ በቅሎ በዚያ የሚያልፉትን ነርቮች ስለሚነካ መጀመሪያ ላይ ሳልም ሆነ የትንፋሽ ማጠር ላይኖር ይችላል። ሕመሙ ከትከሻ ተነሥቶ በክንድ ውስጠኛ በኩል ወደ ቀለበት ጣትና ወደ ትንሿ ጣት ይወርዳል፤ ሌሊትም ዕረፍት አይሰጥም፣ እያደርም ይጨምራል። የእጅ ጡንቻ እየሟሸሸ መጨበጥ ሊያዳግት ይችላል። በዚያው ጎን የዓይን ቆብ ከወደቀ፣ የዓይን ብሌን ከጠበበና ፊት ማላቡን ካቆመ በአስቸኳይ መታየት ያስፈልጋል።

ነገር ግን በጣት ብቻ መፍረድ አይቻልም፤ የታችኛው የአንገት ነርቭ ሲጫንም ትንሿ ጣት ታማለችና። የሚለየው ምርመራ ነው። የአንገት ኤምአርአይ የዲስክ ለውጥ ቢያሳይ እንኳ፣ ይህ በዕድሜ በገፉና ምንም በማያማቸው ሰዎችም ላይ ስለሚታይ የሕመሙ ምክንያት እርሱ ነው ማለት አይደለም። ተራ የደረት ራጅም በሳንባው ጫፍ ያለውን ዕጢ ሊስተው ይችላል፤ ሲቲ ስካንና ኤምአርአይ የተሻለ ያሳያሉ።

ስለዚህ ወገኖች፣ ሕመሙ በሕክምና ካልቀነሰ ወይም እየባሰ ከሄደ ማስታገሻ እየዋጣችሁ አትቆዩ። “የሳንባዬስ ጫፍ ታይቷል ወይ?” ብላችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ከዓመታት በፊትም ቢሆን ሲጋራ ያጨሳችሁ ካላችሁ አፍራችሁ አትደብቁ፤ ለሐኪሙ ትልቅ ፍንጭ ነው። አጭሶ የማያውቅም ሰው ቢሆን ምልክቱን አይናቅ። ዕጢው ሳይስፋፋ ከተደረሰበት በመድኃኒትና በጨረር፣ ቀጥሎም በቀዶ ሕክምና የማከም ዕድል አለ።