ራጅ የሚያነሣው ባለሙያ



የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በወጣ ቁጥር በየመሥሪያ ቤቱ የሚገኙ ወላጆች ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ልጃችን ሐኪም ለመሆን ነጥቡ ባይበቃው በጤና ሥራ ውስጥ ምን ዕድል አለው የሚል ነው። ነርስና የላቦራቶሪ ባለሙያ በየቤቱ ይታወቃሉ። ራጅ የሚያነሣው ባለሙያ ግን እስከ ዛሬ ድረስ እንደ ፎቶግራፍ አንሺ ሲቈጠር እንሰማለን። ይህ ሰው የሚሠራው ሥራ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ለማስረዳት የፎገራን ሜዳ ምሳሌ አድርገን እንነጋገራለን።

ፎገራ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የሚገኝ፥ ርብና ጉማራ በክረምት እየሞሉ የሚያጥለቀልቁት፥ ሩዝ የሚበቅልበት ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ከተማው ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ ሲሆን፥ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚሄደውም መንገድ የሚገነጠለው ከዚያው ነው። እንግዲህ በዚህ አገር ገበሬውን በሬ ቢወጋው ወይም መንገደኛውን መኪና ቢገጨው፥ አጥንቱ መሰንጠቁን ወይም ተሰብሮ መዛነፉን በመዳሰስ ብቻ ለይቶ ማወቅ አይቻልም። የወጌሻዎቻችንን የእጅ ጥበብ የሚንቅ ሰው ካለ እኔ ከእርሱ ጋራ አይደለሁም፤ ቢሆንም ወጌሻ ከቆዳ በታች ያለውን በዓይኑ ሊያይ አይችልም።

ይህን የማየት ኀይል ለሰው ልጅ ያስገኘው ጀርመናዊው ሊቅ ቪልሄልም ሮንትገን ነው። ጨረሩን ያገኘው በ1888 ዓ.ም. በጥቅምት ወር መጨረሻ ሲሆን፥ አራት ወር እንኳ ሳይሞላ የዐድዋ ጦርነት ሆነ። በዚህ ጦርነት ቈስለው ወደ አገራቸው ከተመለሱት የኢጣልያ ወታደሮች መካከል የሁለቱን ክንድ ጁሴፔ አልቫሮ የተባለ የጦር ሐኪም በናፖሊ ሆስፒታል በአዲሱ ጨረር አንሥቶ ጥይቱ ያለበትን ስፍራ አገኘ። ራጅ በጦርነት ለቈሰለ ሰው ሲውል ይህ የመጀመሪያው እንደ ሆነ ይነገራል። ጥይቶቹ የተተኰሱት ከእኛው ሠራዊት መሆኑን አድማጮቻችን ሳያስታውሱ አይቀሩም።

አሁን ወደ ሥራው እንመለስ። ጨረሩ በሥጋ ውስጥ በቀላሉ ያልፋል፤ አጥንት ግን በውስጡ ባለው ካልሲየም ምክንያት ይይዘዋል። ስለዚህ አጥንት ነጭ፥ አየር የሞላበት ሳንባ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ባለሙያው የተሰበረውን እግር ከፊትና ከጎን ሁለት ጊዜ ያነሣል፤ ከፊት ሲያዩት ቀጥ ያለ የሚመስል አጥንት ከጎን ሲያዩት ተዛንፎ ሊገኝ ይችላልና። ደረት የሚነሣ እንደ ሆነ በሽተኛውን አቁሞ ደረቱን ከሳሕኑ ጋራ ያስጠጋል፤ የትከሻው አጥንት ሳንባውን እንዳይሸፍን ትከሻውን ወደ ፊት ያስገፋል። ከዚያም «እማማ፥ ትንፋሽዎን ወደ ውስጥ ይሳቡና ይያዙት» ይላል። እኒያ እናት ነገሩ ሳይገባቸው ወይም ደንግጠው ቢተነፍሱ ሥዕሉ ይደበዝዛል። የደበዘዘ ሥዕል እንደ ገና ይነሣል፤ ጨረሩም በሰውነታቸው ላይ ሁለተኛ ያርፋል። ከገጠር ቀበሌ በቃሬዛ ወረታ ደርሶ፥ ከዚያም 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ደብረ ታቦር ሆስፒታል የገባ ሰው ስሕተቱ የታወቀው ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ቢሆን፥ ወጪውንና ድካሙን እናንተው ገምቱት። በእኔ አስተያየት የዚህ ሙያ ዋናው ብልሃት ከመሣሪያው ይልቅ ከበሽተኛው ጋራ በሚደረገው ንግግር ላይ ነው።

በሽተኛው ከተነሣ በኋላ ዘመዶቹ «ልጄ፥ ምን ታየህ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ሥዕሉን አንብቦ ፍርድ የሚሰጠው ሐኪሙ፥ ይልቁንም ራዲዮሎጂስት የሚባለው ልዩ ሐኪም ስለ ሆነ፥ ባለሙያው አንደበቱን መግታት ይኖርበታል። ራጅም ቢሆን ሁሉን አያሳይም። የፎገራ ጎረቤት በሆነው በሊቦ ከምከም በመጀመሪያ ወባ የመሰለው በሽታ ካላ አዛር መሆኑ በ1997 ዓ.ም. የታወቀው በደምና በጣፊያ ምርመራ ነው። በሳንባ ላይ የታየ ጥላም የሳንባ ነቀርሳ መሆኑ የሚረጋገጠው አክታ ሲመረመር ነው።

ስለ ጨረሩ አደገኛነት ብዙ ይወራል። ወሬው ከባዶ አልተነሣም። የኤዲሰን ረዳት የነበረው ክላረንስ ዳሊ የገዛ እጁን በጨረሩ ፊት እያስቀመጠ መሣሪያ ሲፈትን ቈይቶ፥ ክንዶቹ ከተቈረጡ በኋላ በ1904 እ.ኤ.አ. ሞተ። ኤዲሰንም ከዚያ ወዲያ ከዚህ ሥራ እጁን አወጣ። ዛሬ ግን አንድ የደረት ራጅ የሚሰጠው ጨረር፥ ሰው ከምድርና ከሰማይ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሚቀበለው ጋራ የሚመዛዘን ነው። በሽተኛው የሚነሣው አንድ ቀን ሲሆን ባለሙያው ግን ዕድሜውን ሙሉ እዚያው ይውላልና፥ ጥንቃቄው ይበልጥ ለእርሱ ያስፈልጋል። በዓለም አቀፍ ደንብ የሠራተኛው ወሰን በአምስት ዓመት አማካይ ሲታሰብ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት ነው። ርቀት እጥፍ ሲሆን ጨረሩ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ከእርሳስ ግድግዳ ጀርባ መቆም፥ የእርሳስ ሽርጥ መልበስ፥ ሴቶችን ስለ እርግዝና አስቀድሞ መጠየቅ ሁሉ ከዚህ የተነሣ ነው።

ረዳት የሆነ ሙያ ዝቅ ያለ ነው ለሚሉ፥ በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተከፈተውን የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እናስታውሳቸዋለን። ኮሌጁ ሐኪም ባልነበረበት አገር የጤና መኰንኖችን፥ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ሠራተኞችን አሠልጥኖ ላከ። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የተባለው ትልቅ ተቋም የበቀለው ከዚያ ነው።

ራጅ ማንሣት ለመማር የሚያስብ ወጣት ፊዚክስና ባዮሎጂ ላይ ይበርታ፤ የአካል ክፍሎችን በስማቸውና በቦታቸው ማጥናት ትዕግሥት ይጠይቃል። በየዓመቱ የሚቀበሉትን ተማሪ ብዛትና የትምህርቱን ደረጃ ከኮሌጆቹ መዝገብ ቤት መጠየቅ ይገባል። ተመርቆ ሥራ ሲቀጠር ደግሞ ከደመወዙ አስቀድሞ አንድ ነገር ይጠይቅ፦ ደረቱ ላይ የሚያንጠለጥለው የጨረር መለኪያ ይሰጠዋል ወይ? መለኪያውስ በስንት ወር አንድ ጊዜ ይነበባል?