የዕለት ሥራን መቍጠር

ሰው በባሕርዩ ከሠራው ይልቅ ያልሠራው ይታየዋል። ተማሪ ማታ ደብተሩን ሲገልጥ ገና ያልተነበቡት ምዕራፎች ይበዙበታል፤ በዕለቱ የፈጸመው ግን አልፏልና አያስታውሰውም። ይህም በየቀኑ ሲደጋገም «ብደክምም ለውጥ የለኝም» ያሰኛል። ብዙዎች ትምህርታቸውን ችላ የሚሉት ሥራው ስለ ከበዳቸው ብቻ ሳይሆን፣ የተጓዙትን መንገድ ባለማየታቸው ጭምር ነው።

ከወልቂጤ ወይም ከቡታጅራ ወጣ ብላችሁ የእንሰት ጓሮ ተመልከቱ። እንሰት ለምግብ እስኪደርስ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈጅበታል። ገበሬው ችግኙን ከአንዱ ስፍራ ወደ ሌላው እያዛወረ ይተክለዋል፤ ፍግም ያለብሰዋል። ተክሉን በየቀኑ ለሚያየው ሰው ያደገ አይመስለውም። ነገር ግን በዕድሜ የሚበላለጡ እንሰቶች በየረድፋቸው ስለ ቆሙ፣ ገበሬው ከታናሹ እስከ ታላቁ ዓይኑን ሲያሻግር የድካሙን ውጤት ይረዳል።

በከተማው ገበያ ደግሞ ዕቁብን እናገኛለን። የዕለት ዕቁብ የሚጥል ነጋዴ በአንድ ቀን የሚያወጣው ገንዘብ ጥቂት ነው። ሆኖም ጸሐፊው በስሙ አንጻር ምልክት ያደርግለታል። ዕጣው ገና ባይደርሰውም፣ ምልክቶቹን ቈጥሮ ምን ያህል እንዳጠራቀመ ያውቃል። የዕለት ጥረትም እንዲሁ መዝገብ ያሻዋል።

ይህን የዘመናችን ጥናትም ይደግፈዋል። ቴሬሳ አማቢሌና ስቲቨን ክሬመር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2011 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳትመው ነበር። 238 ሠራተኞች የጻፏቸውን ወደ 12 ሺህ የሚጠጉ የዕለት ማስታወሻዎች መርምረው፣ ሰውን ለሥራ ከሚያነሣሡት ነገሮች ዋነኛው ትርጉም ባለው ሥራ ትንሽም ቢሆን ወደ ፊት መራመድ መሆኑን ገልጸዋል።

እናንተም ማታ ከመተኛታችሁ በፊት በዕለቱ የፈጸማችኋቸውን ሦስት ነገሮች ጻፉ። ስትጽፉም ሁለት ነገር ጠብቁ። አንደኛ፣ ዐረፍተ ነገሩን በኃላፊ ጊዜ ግስ ዝጉ፤ «አጠናለሁ» ተስፋ ነው፤ «አጠናሁ» ግን ሥራ ነው። ሁለተኛ፣ የተፈጸመውን ለይታችሁ ግለጹ፤ «ሒሳብ ሠራሁ» ከማለት «ከ10 ጥያቄዎች 6ቱን ያለ ረዳት ሠራሁ» ማለት ይሻላል። ውኃ መቅዳትና ሱቅ መጠበቅም ሥራ ነውና አትናቁት።

ይህ ራስን ማወደስ አይደለም። ውዳሴ ያልተሠራውንም ይጨምራል፤ መዝገብ ግን የሆነውን ብቻ ይናገራል። ስለዚህ በአንዳንድ ቀን የምትጽፉት አንድ ነገር ብቻ ቢሆን ያንኑ ጽፋችሁ እለፉ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው፣ እንቁላል ከውጭ ሲያዩት ከትናንቱ አይለይም፤ በውስጡ ግን ሕይወት እያደገ ነው። በሳምንቱ መጨረሻ መዝገባችሁን ስታነቡ እስከ 21 የሚደርሱ ዐረፍተ ነገሮች ታገኛላችሁ፤ የቀረውን ሥራ ለመቀጠል ብርታት የሚሆናችሁም ይኸው ነው።