ኬሚካል ፒል፦ ከምርመራው እስከ ማገገሚያው

ኬሚካል ፒል መጠኑ የታወቀ አሲድ ቆዳ ላይ ተቀብቶ ያረጀው ወይም የተጎዳው ንብርብር እንዲላጥ፣ በስፍራውም አዲስ ቆዳ እንዲተካ የሚደረግበት ሕክምና ነው። የላይኛው ቆዳ በተፈጥሮው በአራት ሳምንት ገደማ ራሱን ያድሳል፤ አሲዱ ይህን እድሳት ያፋጥነዋል። ሕክምናው ሆን ተብሎ፣ በልክ የሚፈጠር ቁስለት ስለሆነ ጥቅሙም ጉዳቱም ከአንድ ምንጭ ይወጣል። ወደ የትኛው እንደሚያደላ የሚወስኑት አሲዱ የሚደርስበት ጥልቀት፣ የሰውየው የቆዳ ዓይነት እንዲሁም ከሕክምናው በፊትና በኋላ የሚደረገው ጥንቃቄ ናቸው።

ዘዴው አዲስ አይደለም። ፓውል ገርሶን ኡና የተባለው ጀርመናዊ የቆዳ ሐኪም ሳሊሲሊክ አሲድ፣ ሬዞርሲኖል፣ ፌኖልና ትራይክሎሮአሴቲክ አሲድ ቆዳ ላይ የሚያሳዩትን ውጤት በ1882 እ.ኤ.አ. ገልጾ ነበር። አራቱም ዛሬም አገልግሎት ላይ ናቸው።

በጥልቀቱ ሕክምናው በሦስት ይከፈላል። ቀላሉ የላይኛውን ቆዳ ብቻ ይነካል፤ ከ20 እስከ 70 በመቶ የሚደርስ ግላይኮሊክ አሲድ፣ ከ20 እስከ 30 በመቶ የሆነ ሳሊሲሊክ አሲድ ወይም ላክቲክ አሲድ ይሠራበታል። መካከለኛው እስከ ውስጠኛው ቆዳ የላይኛ ክፍል ይዘልቃል፤ ለዚህ የሚመረጠው 35 በመቶ ገደማ የሆነ ትራይክሎሮአሴቲክ አሲድ ነው። ጥልቁ በፌኖል የሚሠራ ሲሆን፣ ፌኖል ወደ ደም ገብቶ የልብን ምት ሊያዛባ ስለሚችል የልብ መከታተያ መሣሪያ ባለበት ክፍል ብቻ ይሰጣል።

ሕክምናው ብጉርን፣ ብጉር ጥሎት የሚሄደውን ጥቁር ምልክት፣ ማድያትን፣ ሻካራ ገጽንና ስስ መስመሮችን ያሻሽላል። የረገበ ቆዳን አይወጥርም፤ ጎድጓዳ ጠባሳንም ቀላል ፒል ብቻውን አይሞላም። ማድያት ደግሞ ከደበዘዘ በኋላም ፀሐይና ሆርሞን ሲቀሰቅሱት ሊመለስ ይችላል።

የሐኪሙ ሥራ በጥያቄ ይጀምራል። እርግዝና፣ ከንፈር ላይ የሚመላለስ ምች፣ ከቁስል በኋላ አብጦ የሚቀር ጠባሳ፣ የአስፕሪን አለርጂ፣ በቅርብ ወራት የተወሰደ አይሶትሬቲኖይን የተባለው የብጉር እንክብል ሁሉ የሕክምናውን ዓይነት ይለውጣሉ ወይም ያስተላልፉታል። ስቴሮይድ ያለበት የማቅያ ክሬም ሲቀባ የቆየ ሰው ይህን ሳይደብቅ መናገር አለበት፤ እንዲህ ያለ ክሬም ቆዳን ስለሚያሳሳ አሲዱ ከታሰበው በላይ ሊዘልቅ ይችላል። ምች ለሚወጣበት ሰው አሲክሎቪርን የመሰለ መድኃኒት አስቀድሞ ይታዘዛል። ብዙ ጊዜ ቆዳው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት በሚቀባ መድኃኒትና በፀሐይ መከላከያ ክሬም ይዘጋጃል።

በዕለቱ ፊቱ ከቅባት ይጸዳል፤ የዓይን ጥግ፣ የአፍንጫ ዙሪያና ከንፈር በቫዝሊን ይሸፈናል። ከዚያ አሲዱ በብሩሽ ወይም በጎዝ ይቀባል። ማቃጠልና መለብለብ ይሰማል፤ ሲያራግቡለት ይቀላል። ግላይኮሊክ አሲድ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በሶዲየም ባይካርቦኔት መክሸፍ ወይም በውኃ መታጠብ አለበት፤ ከዘገየ ያቃጥላል። ሳሊሲሊክ አሲድ ግን ሲደርቅ ነጭ ዱቄት ትቶ ሥራውን ራሱ ያቆማል። በትራይክሎሮአሴቲክ አሲድ ጊዜ ቆዳው የሚነጣው ፕሮቲኑ ስለሚረጋ ነው፤ ሐኪሙም ጥልቀቱን የሚያነበው ከዚህ ንጣት ነው።

ከቀላል ፒል በኋላ ፊት ለአንድ ሁለት ቀን ይቀላል፣ ይወጠራል፤ በሦስተኛው ቀን አካባቢ መላጥ ጀምሮ በሳምንት ውስጥ ያበቃል። መካከለኛው እብጠትና ቡናማ ቅርፊት አስከትሎ ከ7 እስከ 14 ቀን ይወስዳል። ጥልቁ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ ቅላቱም ለወራት ሊቆይ ይችላል። በዚህ ጊዜ ቅርፊቱን በእጅ መላጥና ፊትን መፋቅ ክልክል ነው። ከቀላል ፒል በኋላ ለስላሳ መታጠቢያ፣ ሽታ የሌለው ማለስለሻ፣ ኮፍያ፣ የመከላከል ቁጥሩ (SPF) 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ በቂ ናቸው። እየባሰ የሚሄድ ሕመም፣ መግል፣ ውኃ የቋጠረ ቁስል ወይም ትኩሳት ከታየ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪሙ መመለስ ያስፈልጋል።

ጠይምና ጥቁር ቆዳ የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። ሜላኒን የሚያመርቱት ሴሎች ለቁስለት ፈጥነው ስለሚነሳሱ ከልክ ያለፈ ፒል ሊያስወግድ የታሰበውን ጥቁረት ራሱ ሊያባብስ ይችላል። ስለዚህ ለአብዛኛው ኢትዮጵያዊ የሚመከረው በዝቅተኛ መጠን ተጀምሮ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት እያሳለፈ የሚደጋገም ቀላል ፒል ነው። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትር ከፍታው 10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ ከ2,300 ሜትር በላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ለሚኖር ታካሚ የፀሐይ መከላከያ የሕክምናው አንድ ክፍል ነው።

ተመሳሳይ አሲዶች በኢንተርኔት ይሸጣሉ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ከፍተኛ መጠን ያላቸውን እንዲህ ያሉ ምርቶች ያለ ባለሙያ ክትትል መጠቀም ከባድ ቃጠሎና ዘላቂ ጠባሳ ሊያስከትል እንደሚችል በ2024 እ.ኤ.አ. አስጠንቅቋል። ስለዚህ ፒል የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ለቆዳ ሐኪም ሦስት ጥያቄ ማቅረብ አለበት፦ የሚቀባው አሲድ ምንድን ነው? መጠኑ ስንት በመቶ ነው? ጉዳት ቢደርስ ማን ያክማል? ለሦስቱም ግልጽ መልስ በማይገኝበት ስፍራ ፊትን ለአሲድ መስጠት አይገባም።